ለአስም ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው አጥንቱን የሚጠብቅበት መንገድ

በአዳማ በጋው ገፍቶ ነፋሱ የመንገዱን አቧራ ማንሣት ሲጀምር፣ ወደምሠራበት መድኃኒት ቤት የሚመጡ የአስም ሕሙማን ቁጥር ይጨምራል። ከእነርሱ መካከል ስድሳ ዓመት ያለፋቸው አንዲት እናት ነበሩ። ትንፋሻቸው ሲር ሲር እያለ መደገፊያውን ይይዙና «ልጄ፣ ያቺን ትንሿን ነጭ ኪኒን ስጠኝ፤ ሌላው አይበጀኝም» ይሉኝ ነበር። ኪኒኗ ፕሬድኒሶሎን ናት፤ ስቴሮይድ ከሚባሉት፣ ሰውነታችን ራሱ እንደሚሠራው ኮርቲሶል የተባለ ሆርሞን ብግነትን ከሚያበርዱት መድኃኒቶች አንዷ ናት፤ እውነትም በአንድ ሁለት ቀን ታሽላቸዋለች። አንድ ማለዳ ግን ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ውኃ ከመሬት ብድግ ሲያደርጉ ጀርባቸው ውስጥ አንድ ነገር ቋ አለ። አልወደቁም፣ ማንም አልገፋቸውም፤ ራጅ ሲነሡ አንዱ የአከርካሪ አጥንታቸው ተሰብሮ ተገኘ። ሐኪሙ በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት ጊዜ ኪኒኗን እንደወሰዱ ሲጠይቃቸው እርሳቸው አላወቁም፤ እኔም አልመዘገብኩም ነበር። ይህን መመሪያ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ ሳይቆጠር የተዋጠ ኪኒን ነው።

ጽሑፉ ለአስም ሲሉ ስቴሮይድ ለሚወስዱ ዐዋቂዎችና ለቤተሰቦቻቸው የተዘጋጀ ነው። ወደ ዝርዝሩ ከመግባቴ በፊት አንድ ነገር አጥብቄ ማሳሰብ አለብኝ፤ ስለ አጥንት የሚነገረውን ሰምቶ የታዘዘለትን ስቴሮይድ በገዛ ፈቃዱ የሚያቋርጥ ሰው ከስብራት የከፋ አደጋ ላይ ይወድቃል። ፕሬድኒሶሎንን ከሦስት ሳምንት በላይ በተከታታይ የወሰደ ሰው፣ ከኩላሊቶቹ በላይ የተቀመጡት ሁለት ትንንሽ ዕጢዎች የራሳቸውን ኮርቲሶል ማመንጨት ስለሚቀንሱ፣ መድኃኒቱ በድንገት ሲቆምበት የደም ግፊቱ ሊወርድ፣ ሊያስመልሰውና ራሱን ሊስት ይችላል። ስለዚህ መጠኑ የሚቀነሰው በሐኪም ትእዛዝ ቀስ በቀስ ነው። አስም ክፉኛ በተነሣ ጊዜም ይህ ኪኒን ሕይወት ያተርፋል፤ ሐኪም ለአምስት ወይም ለሰባት ቀን ሲያዘው ለአጥንት ተብሎ የሚተው አይደለም።

የሚዋጠውና የሚሳበው

በአስም ሕክምና ውስጥ ስቴሮይድ በሁለት መልክ ይሰጣል። አንደኛው የሚዋጠው ወይም በመርፌ የሚሰጠው ሲሆን ፕሬድኒሶሎን፣ ሃይድሮኮርቲሶንና ዴክሳሜታሶን የዚህ ወገን ናቸው፤ በደም አማካይነት መላ አካልን ስለሚያዳርሱ አጥንትንም ያገኙታል። ሁለተኛው በአፍ ወደ ሳንባ የሚሳበው ነው፤ ቤክሎሜታሶን፣ ቡዴሶናይድና ፍሉቲካሶን በዚህ መልክ ይሰጣሉ። ብዙ ሰው «ፓፍ» እያለ የሚጠራው ሳልቡታሞል ግን ስቴሮይድ አይደለም፤ የጠበበውን የአየር ቧንቧ ለጥቂት ሰዓታት ይከፍታል እንጂ ቧንቧውን ያሳበጠውን ብግነት አያበርድም።

የሁለቱ ስቴሮይዶች ልዩነት በመጠናቸው ይታያል። የሚሳበው የሚለካው በማይክሮ ግራም ነው፤ 1 ሚሊ ግራም 1,000 ማይክሮ ግራም ይሆናል። በቀን 400 ማይክሮ ግራም ቡዴሶናይድ የሚስብ ሰው የሚያገኘው ከግማሽ ሚሊ ግራም ያነሰ ሲሆን፣ አስሙ ተነሥቶበት በቀን 40 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን የሚውጥ ሰው ደግሞ መቶ እጥፍ የሆነ ክብደት ይወስዳል። የመድኃኒቶቹ ኃይል በክብደት ብቻ የሚወዳደር ባይሆንም፣ የሚሳበው አብዛኛውን ሥራውን የሚሠራው ሳንባ ላይ እንደሆነና በዝቅተኛና በመካከለኛ መጠን በአጥንት ላይ የሚያደርሰው ጉዳት አነስተኛ እንደሆነ ይህ ስሌት ጥሩ ግንዛቤ ይሰጣል። በከፍተኛ መጠን ለብዙ ዓመታት የሚስቡ ሰዎች ግን ከዚህ በታች የምጽፈው እነርሱንም ይመለከታል።

በሥራዬ ከማያቸው ነገሮች ሁሉ በጣም የሚያሳዝነኝ፣ ሰዎች የሚሳበውን መከላከያ «ሱስ ያስይዛል» ወይም «የመጨረሻ ሕመምተኛ ነው የሚስበው» በሚል ስጋት ትተው፣ አስሙ በተነሣ ቁጥር ወደ ኪኒኑ መሮጣቸው ነው። የሚሳበው ስቴሮይድ ሱስ አያስይዝም። በየቀኑ በትክክል የሚወሰድ ከሆነ አስሙ እንዳይነሣ ስለሚያደርግ የኪኒኑን አስፈላጊነት ይቀንሳል፤ ስለዚህ የአስም ሕመምተኛ አጥንት ቀዳሚ ጠባቂ ከካልሲየምም ከወተትም በፊት ይህ መሣሪያ ነው ብዬ አምናለሁ።

ስቴሮይድ አጥንትን እንዴት ያሳሳል

ጉዳዩ ዛሬ የተገኘ አይደለም። አሜሪካዊው የአንጎል ቀዶ ሐኪም ሃርቪ ኩሺንግ እ.ኤ.አ. በ1932 ባሳተመው ጽሑፍ፣ ከአንጎል ሥር ባለችው የፒቱታሪ ዕጢ ሕመም ሳቢያ ፊታቸው የሚያብጥና አከርካሪያቸው የሚጎብጥ ሕሙማንን ገልጾ ነበር፤ የችግሩ መንሥኤ በሰውነታቸው ውስጥ የበዛው ኮርቲሶል መሆኑ ኋላ ላይ ተረጋገጠ። እ.ኤ.አ. በ1948 ሐኪሙ ፊሊፕ ሄንች ኮርቲሶን የተባለውን ስቴሮይድ ለመገጣጠሚያ ሕመምተኛ ሰጥቶ ያየው መሻሻል ዓለምን ያስደነቀ ሲሆን፣ ከኤድዋርድ ኬንዳልና ከታዴየስ ራይክሽታይን ጋር በ1950 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ። ኩሺንግ በዕጢ ሕሙማን ላይ ያየው የአጥንት መሳሳት በኪኒኑ ተጠቃሚዎች ላይም ለመታየት ግን ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

አጥንት እንደ ድንጋይ የተጠናቀቀ ነገር አይደለም። አንድ ወገን ሕዋሳት ያረጀውን ክፍል እየሸረሸሩ ያነሣሉ፤ ሌላው ወገን እንደ ግንበኛ እየተከተለ አዲስ ይተካል። ስቴሮይድ የግንበኞቹን ቁጥርና ዕድሜ ያሳጥራል፤ የአፍራሾቹን ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ወራት ያራዝማል። በዚህ ላይ አንጀት ከምግብ የሚወስደውን ካልሲየም ይቀንሳል፣ ኩላሊት በሽንት የሚያስወጣውን ይጨምራል፣ የወንድና የሴት ሆርሞኖችንም ያወርዳል። የጭንና የዳሌ ጡንቻም ስለሚላላ ሰውየው በቀላሉ ይወድቃል። እንግዲህ አጥንቱ የሚሳሳው የመውደቅ ዕድሉ በጨመረበት በዚያው ሰዓት ነው።

ብዙ ሰው የማያውቀው የጉዳቱን ፍጥነት ነው። አጥንት በብዛት የሚጠፋው መድኃኒቱ በተጀመረ በመጀመሪያዎቹ ከ3 እስከ 6 ወራት ውስጥ ሲሆን፣ የስብራት አደጋውም በዚያው ጊዜ ከፍ ይላል። «ዓመት ሁለት ዓመት ልየውና ከዚያ ስለ አጥንቴ አስባለሁ» የሚል ሰው ዋናው ጊዜ ያልፈዋል። ቀድመው የሚጎዱት ውስጣቸው እንደ ስፖንጅ የሆነው የአከርካሪና የጎድን አጥንቶች ናቸው። የአከርካሪ ስብራት ደግሞ ብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ያልፋል፤ ሰውየው «ወገቤን ብርድ መታኝ» ብሎ ቅባት ተቀብቶ ይቀመጣል። ደስ የሚያሰኘው ነገር፣ መድኃኒቱ ሲቀነስ ወይም ሲቆም የስብራት አደጋው ወዲያው መውረድ ይጀምራል።

ኪኒኑን መቁጠር

እያንዳንዱ የአስም ሕመምተኛ አንዲት ትንሽ ደብተር እንዲይዝ አጥብቄ እመክራለሁ። የሚጻፈው ቀኑ፣ የመድኃኒቱ ስም፣ የአንዱ ኪኒን ሚሊ ግራም፣ በቀን ስንት እንደተዋጠና ለስንት ቀን እንደተወሰደ ነው። ስሌቱ ቀላል ነው፤ ባለ 5 ሚሊ ግራም ፕሬድኒሶሎን በቀን 8 ኪኒን ለ5 ቀን የወሰደ ሰው በአጠቃላይ 40 ኪኒን፣ ማለትም 200 ሚሊ ግራም ወስዷል። በዓመት አምስት ጊዜ ይህን ቢደግም 1,000 ሚሊ ግራም ይደርሳል። አንዱ ዙር አጭር ስለሆነ ምንም አይመስልም፤ ነገር ግን በዕድሜ ዘመን ውስጥ የተወሰዱት አጫጭር ዙሮች ተደምረው አራት ገደማ ከደረሱ ጀምሮ የአጥንት መሳሳትን ጨምሮ የጎን ጉዳቶች ከፍ ብለው እንደሚታዩ ጥናቶች አመልክተዋል።

በድንገተኛ ክፍል በደም ሥር የተሰጠ ሃይድሮኮርቲሶን፣ ለጉልበት ወይም ለትከሻ ሕመም መገጣጠሚያ ውስጥ የተወጋ ስቴሮይድ፣ ለአለርጂ ወይም ለቆዳ የተዋጠ ዴክሳሜታሶን ሁሉ በዚያው ደብተር ላይ ይስፈሩ። አንድ ሰው ለአስሙ ከአንድ ሐኪም፣ ለቆዳው ከሌላ ሐኪም ስቴሮይድ ሲወስድ ሁለቱ ሐኪሞች ላይተዋወቁ ይችላሉ፤ ደብተሩ ግን ያስተዋውቃቸዋል። ያለ ሐኪም ማዘዣ የተገዛውንም ሳያፍሩ ይጻፉት፤ የሚጽፉት ማንም እንዲወቅስዎ ሳይሆን ሐኪሙ እውነቱን እንዲያውቅ ነው።

ከደብተሩ ላይ ሁለት ምልክቶችን ይፈልጉ። በቀን 2.5 ሚሊ ግራም ወይም ከዚያ በላይ ፕሬድኒሶሎን ለ3 ወር ወይም ከዚያ በላይ የሚወስድ ዐዋቂ፣ መድኃኒቱ በተጀመረ በስድስት ወር ውስጥ የስብራት አደጋው በሐኪም መገምገም አለበት። በዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ወይም ከዚያ በላይ አጭር ዙር ያስፈለገው ሰው ደግሞ አስሙ በቁጥጥር ሥር እንዳልሆነ ይወቅ፤ ሦስተኛውን ዙር ከመጠበቅ ይልቅ የሚሳበው መድኃኒት እንዲስተካከልለት ወደ ሐኪም ይሂድ። ሳልቡታሞልን በሳምንት ከሁለት ጊዜ በላይ መፈለግም ተመሳሳይ ምልክት ነው።

ኪኒኑ እንዳያስፈልግ ማድረግ

የሚሳበውን መድኃኒት በትክክል መሳብ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ደንበኞቼን «እስቲ እንዴት እንደሚስቡ ያሳዩኝ» ስላቸው ብዙዎቹ መድኃኒቱን ምላሳቸው ላይ ሲረጩት አያለሁ። በደንብ ከነቀነቁት በኋላ ቀስ ብለው አየር ያስወጡ፤ አፍዎን በመሣሪያው ዙሪያ ግጥም አድርገው አንድ ጊዜ ብቻ እየተጫኑ በዝግታ ወደ ውስጥ ይሳቡ፤ ከዚያም እስከ 10 እየቆጠሩ ትንፋሽዎን ይያዙ። ሁለተኛ የሚያስፈልግ ከሆነ እንደገና ነቅንቀው ይድገሙት። በዱቄት መልክ የሚሳቡት መሣሪያዎች አሳሳባቸው የተለየ ስለሆነ፣ ሲገዙ ፋርማሲስቱ በተግባር እንዲያሳይዎ ይጠይቁ።

መጫኑንና መሳቡን ማገጣጠም ለሚቸግረው ሰው ስፔሰር የተባለው ማጠራቀሚያ ትልቅ እገዛ ነው። ከገበያ ካልተገኘ ወይም ዋጋው ከከበደ የግማሽ ሊትር የሃይላንድ ፕላስቲክ ጠርሙስ ይታጠብና ይደርቃል፤ በቂጡ በኩል የመሣሪያው አፍ ልክ የሚገባበት ቀዳዳ ይበጅለትና አየር እንዳያስወጣ ዙሪያው ይታሸጋል። ሕመምተኛው በጠርሙሱ አፍ በኩል ይስባል። ይህ በደቡብ አፍሪካ ተሞክሮ ውጤታማ ሆኖ የተገኘ ዘዴ ነው። ስፔሰር ጉሮሮ ላይ የሚቀረውን መድኃኒት ይቀንሳል፤ ከሳቡ በኋላ አፍን በውኃ ተጉመጥምጦ መትፋትም የሚዋጠውን ይቀንሳል። የሚዋጠው ሲቀንስ ወደ አጥንት የሚደርሰውም ይቀንሳል።

አስምን የሚያስነሡትን ነገሮች ማራቅም የአጥንት ጥበቃ አካል ነው። ቡና የሚፈላበት ክፍል መስኮቱ ይከፈት፤ እጣኑም ሕመምተኛው በሌለበት ቢጨስ፣ ባይጨስም ይሻላል። ይህን ስል የቡናው ወግ እንደማይሞላ ለሚሰማቸው እናቶች አዝናለሁ፤ ጎረቤት ግን ሲነግሩት የሚረዳ ይመስለኛል። ከሰል በተዘጋ ቤት ውስጥ አይቀጣጠል፤ ነፋስ በሚበረታበት ሰዓት በባጃጅ የሚሄድ ሰው አፍና አፍንጫውን ይሸፍን። ሲጋራ አስሙንም አጥንቱንም ይጎዳል፤ መጠጥ ማብዛትም አጥንት ያሳሳል። ጫት የምግብ ፍላጎት ስለሚዘጋ፣ ስቴሮይድ የሚወስድና ጫት የሚቅም ሰው ለአጥንቱ የሚሆነውን ምግብ ሳያገኝ ይውላል።

ከገበታው

ስቴሮይድ የሚወስድ ዐዋቂ በቀን ከ1,000 እስከ 1,200 ሚሊ ግራም ካልሲየም ያስፈልገዋል፤ ይህም ከምግቡና ከኪኒኑ ተደምሮ ነው። አንድ መካከለኛ ብርጭቆ ወተት ወይም እርጎ 300 ሚሊ ግራም ገደማ ይሰጣል። ጤፍ ከሌሎች እህሎች የተሻለ ካልሲየም አለው፤ 100 ግራም ዱቄት ወደ 150 ሚሊ ግራም አካባቢ ይይዛል፤ የሊጡ መቡካትም ካልሲየሙ በአንጀት እንዳይወሰድ የሚይዘውን ንጥረ ነገር ይቀንሳል። ጎመን ካልሲየሙን በቀላሉ ይሰጣል። ቆስጣም ካልሲየም አለው፤ ነገር ግን በውስጡ ያለው ኦክሳሌት የተባለ ንጥረ ነገር አጥብቆ ስለሚይዘው አንጀት የሚያገኘው ጥቂት ነው። ሰሊጥ ከነገለባው ሲበላ በካልሲየም የበለጸገ ነው።

ስለ አይብ አንድ ነገር ልጨምር። አሬራው በሙቀት ሲረጋ ጎምዛዛነቱ ካልሲየሙን ስለሚያሟሟው፣ ብዙው ከአጓቱ ጋር ይወጣል፤ ስለዚህ አይቡ ጥሩ ፕሮቲን ቢሆንም በካልሲየም የወተት ያህል አይሆንም። አጓቱን የሚደፉ ቤተሰቦች ቢጠጡት ይጠቀማሉ።

በጾም ወቅት ጉዳዩ ይከብዳል። ዐቢይ ጾም ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ወተትም እንቁላልም ከገበታ ይርቃሉ። ሕመምተኛ የሆነ ሰው ከንስሐ አባቱ ጋር ቢመካከር ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን የምታደርገውን ታውቃለች፤ ለመጾም የወሰነ ሰው ግን ገበታውን በማስተዋል ማዘጋጀት አለበት። የተቆላና የተወቀጠ ሰሊጥ በውኃ ተበጥብጦ ቢጠጣ፣ ጎመኑ ከሳምንት አንድ ቀን ይልቅ በየቀኑ ቢቀርብ፣ ሽሮና ምስሩ ለፕሮቲኑ ባይጎድል፣ የቀረው በካልሲየም ኪኒን ሊሟላ ይችላል። በረመዳን የሚጾሙ ደግሞ ወተቱንና እርጎውን በማፍጠሪያና በሱሁር ላይ መከፋፈል ይችላሉ፤ ፕሬድኒሶሎን የሚወስዱ ከሆነ ግን የመድኃኒቱን ሰዓት ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪም ጋር ያስተካክሉ። ጨው ሲበዛ ካልሲየምን በሽንት ያስወጣል፤ ስቴሮይድ ራሱ ጨውና ውኃ በሰውነት ውስጥ ስለሚይዝ፣ ወጡ ላይ ጨው መቀነስ ለሁለቱም ይጠቅማል።

የካልሲየም ኪኒን የሚወስድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ቢውጥ አንጀቱ ትርፉን አይወስደውም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ይከፋፈል። ካልሲየም ካርቦኔት የሚባለው ከምግብ ጋር ይወሰድ። ከብረት ኪኒን፣ ከታይሮይድ መድኃኒትና ሲፕሮፍሎክሳሲን ከተባለው አንቲባዮቲክ ጋር አብሮ ከተዋጠ እነርሱ በሰውነት እንዳይሠሩ ስለሚያግድ ሰዓቱን ማራራቅ ያስፈልጋል። የኩላሊት ጠጠር ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይጀምር።

ፀሐይና ቫይታሚን ዲ

አዳማ ዓመቱን ሙሉ ፀሐይ የማይለያት ከተማ ስለሆነች ቫይታሚን ዲ የሚጎድለው ሰው የለም ብዬ ለረጅም ጊዜ አስብ ነበር። ይሁን እንጂ እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ፣ በአዳማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ተማሪዎች ላይ የተደረገ ጥናት ከመቶ 42ቱ የቫይታሚን ዲ እጥረት እንዳለባቸው አሳይቷል፤ የከተማዎቹ ልጆች እጥረት ከገጠሮቹ በጣም የበዛ ነበር። ቀኑን በክፍል፣ በሱቅ ወይም በቢሮ ውስጥ የሚያሳልፍና ሰውነቱን የሚሸፍን ሰው ፀሐይ በበዛበት አገር ፀሐይ ሊያጣ ይችላል። ጥቁር ቆዳ ቫይታሚኑን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ በመስታወት በኩል የሚገባ ብርሃን ግን ለዚህ ሥራ አይጠቅምም። ክንድንና እግርን ገልጦ በግቢ ውስጥ መቀመጥ ጥሩ ነው። ስቴሮይድ ለሚወስድ ሰው የሚመከረው በቀን ከ600 እስከ 800 ዩኒት ስለሆነ፣ ብዙዎች ከካልሲየሙ ጋር ተደምሮ የሚመጣውን ኪኒን መውሰድ ይቀላቸዋል።

የጉድጓድ ውኃና ፍሎራይድ

ይህ ክፍል በስምጥ ሸለቆ ለምንኖር ሰዎች የተለየ ነው። በወንጂና በአካባቢው ያሉ የጉድጓድ ውኃዎች ፍሎራይድ የተባለ ማዕድን በከፍተኛ መጠን እንዳላቸው ከታወቀ አሥርተ ዓመታት አልፈዋል፤ በስኳር ፋብሪካው እርሻዎች ለረጅም ዘመን የሠሩ ሰዎች ጥርሳቸው ብቻ ሳይሆን አጥንታቸውም መጎዳቱ ተመዝግቧል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊ ግራም ነው። ፍሎራይድ የበዛበት አጥንት በምርመራ ሲታይ የጠነከረ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ተሰባሪ ነው፤ መገጣጠሚያና አከርካሪንም ያደርቃል። በዚህ አጥንት ላይ ስቴሮይድ ሲጨመር ምርመራው ሐኪሙን ሊያሳስተው ስለሚችል፣ ጥርስዎ ከልጅነትዎ ጀምሮ የበለዘ ከሆነ ወይም በእነዚያ አካባቢዎች የጉድጓድ ውኃ እየጠጡ ካደጉ ሳይጠየቁ ይናገሩ። ውኃውን ማፍላት ፍሎራይድን አያጠፋም፤ እንዲያውም ውኃው ሲተን የቀረውን ያወፍረዋል። በተቃጠለ አጥንት ከሰል ማጣራት ይቻላል፤ የዝናብ ውኃ ማጠራቀምም ይረዳል።

እንቅስቃሴና መውደቅ

አጥንት የሚጠነክረው ክብደት ሲሸከም ነው። በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት መራመድ፣ በተለይ አቧራው ሳይነሣ በማለዳ፣ ለአብዛኛው ሰው ይበቃል። ጡንቻውን ለማየት ደግሞ በቡና ሰዓት ከበርጩማ ላይ እጅን ሳይደገፉ መነሣት ይሞክሩ፤ ካቃተዎ ስቴሮይዱ ጭንዎን እያላላው ሊሆን ስለሚችል ለሐኪም ይንገሩ። ልምምዱን ከፍ ካለ ወንበር ይጀምሩ፤ በቀን ሁለት ጊዜ አሥር አሥር ጊዜ ተነሥተው ይቀመጡ። ወደፊት ጎንበስ ብሎ ከባድ ነገር ማንሣት ግን ለሳሳ አከርካሪ አደገኛ ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ነው፤ በባለ 5 ሊትር ከፋፍለው ይቅዱ፣ ጉልበትዎን አጥፈው ዕቃውን ወደ ደረትዎ አስጠግተው ያንሡ። መብራት ሲጠፋ የሚያዝ ባትሪ አልጋዎ አጠገብ ይኑር፤ የመታጠቢያው ወለል እርጥብ ሆኖ አይደር፤ የሚያንሸራትት ጫማ ይቅር።

ሐኪም ዘንድ

ደብተርዎን፣ የሚወስዱትን መድኃኒት ሁሉና የቁመትዎን ልክ ይዘው ይሂዱ። በወጣትነትዎ ከነበረው ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ ከቀነሱ አከርካሪዎ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል የጀርባ ራጅ ያስፈልጋል። የአጥንት ጥግግት የሚለካው መሣሪያ በየከተማው የሚገኝ ስላልሆነ፣ ሐኪሙ በዕድሜ፣ በክብደት፣ ከዚህ ቀደም በነበረ ስብራት፣ በወላጅ የዳሌ ስብራት፣ በማረጥና በስቴሮይዱ መጠን ተመርኩዞ መወሰን ይችላል። የልኬቱ ውጤት ካለ፣ −2.5 ወይም ከዚያ በታች የሆነ ቁጥር የአጥንት መሳሳትን ያመለክታል፤ ስቴሮይድ የሚወስድ ሰው ግን ቁጥሩ ከዚያ ሳይወርድም ይሰበራል። ለረጅም ጊዜ ኦሜፕራዞል የተባለውን የጨጓራ መድኃኒት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነም ይንገሩ፤ እነዚህም አጥንትን ይነካሉ።

አደጋው መካከለኛ ወይም ከፍተኛ ከሆነ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የሚያዘው የአጥንትን መሸርሸር የሚቀንሰውን አሌንድሮኔትን ነው፤ 70 ሚሊ ግራም በሳምንት አንድ ቀን ይወሰዳል። ጠዋት በባዶ ሆድ፣ በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ብቻ ይዋጥ፤ ከሻይም ከቡናም ከወተትም ጋር አይሆንም። ከዚያ ቢያንስ ለ30 ደቂቃ ቆመው ወይም ቀጥ ብለው ተቀምጠው ይቆዩ፤ ከተኙ ኪኒኑ ጉሮሮን ያቆስላል። ለመዋጥ የሚቸገር፣ ኩላሊቱ የደከመ፣ ልትፀንስ የምታስብ ሴት፣ ጥርስ ለማስነቀል የተቀጠረ ሰው ይህን አስቀድሞ ያሳውቅ። አሌንድሮኔት ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ በሌለበት ሥራው ጎዶሎ ነው። ለሕፃናት የሚሆነው ሌላ ነው፤ የእነርሱ ነገር በቁመት ክትትልና በሚሳበው መድኃኒት ዝቅተኛ ውጤታማ መጠን ይመራል።

ወዲያው የሚያስኬዱ ምልክቶች

ያለ ምክንያት ወይም ቀላል ነገር ሲያነሡ በድንገት የጀመረ ኃይለኛ የጀርባ ሕመም ስብራት ሊሆን ስለሚችል በወጌሻ አይታሽ፤ በዚያው ቀን ሐኪም ይየው። ከጀርባው ሕመም ጋር እግር ከዛለ፣ ከደነዘዘ ወይም ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ሌሊትም ቢሆን ወደ ድንገተኛ ክፍል መሄድ ያስፈልጋል። በብሽሽት በኩል የሚሰማና ሲራመዱ የሚብስ ሕመም ደግሞ ስቴሮይድ በጭን አጥንት ራስ ላይ የሚያደርሰው የደም ዝውውር መቋረጥ ሊሆን ይችላል፤ ይህ በመጀመሪያ ራጅ ላይ ላይታይ ስለሚችል፣ ሕመሙ ከቀጠለ «ራጅህ ደኅና ነው» መባሉ ብቻ በቂ ስላልሆነ ስቴሮይድ እንደሚወስዱ ደግመው ተናግረው ተጨማሪ ምርመራ ይጠይቁ።